ልጄን ከትምህርት ቤት ያስወጣሁበትና ቤት ያቆየሁበት ምክንያት ለየቅል ነው

የትልቁን ልጄን ችግር የነገረኝ አስተማሪ አይደለም፤ የተጣበቀ ወረቀት ነው። ሚያዝያ 2020 ነበር (እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች በፈረንጅ መቁጠር ለምዶብናል፣ በዚያው ልቀጥል)። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁላችንም ቤት ተከተናል። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጥና መጽሐፍ ያነብልኛል፤ ስለ ውሻና ስለጠፋ ኳስ የሚያወራ ስስ መጽሐፍ። ጭማቂ ፈሶበት ነው መሰለኝ ሁለት ገጽ ተጣብቆ አብሮ ተገለጠ። እሱ አልቆመም። የተዘለለውን ገጽ አንድም ቃል ሳይስት «አነበበልኝ»፤ ጣቱ ያረፈው ግን ሌላ ገጽ ላይ ነው።

መጽሐፉን ተቀብዬ ከመሀል አንድ ቃል አሳየሁት። ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «ውሃ ጠማኝ» አለ።

በማግስቱ የኮምፒውተር ክፍሉ ሲጀመር ከጎኑ ተቀመጥኩ። ለካ ዘዴውን ቀድሞ ተክኖበታል። አስተማሪዋ ልጆቹን ተራ በተራ ስታስነብብ፣ የእሱ ተራ ሲደርስ ማይኩን ያጠፋና አፉን ያንቀሳቅሳል። «አይሰማም፣ ኢንተርኔትህ ነው መሰለኝ» ትለውና ወደሚቀጥለው ልጅ ታልፋለች። ለባሌ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መኪና ውስጥ ብዙ ቆይቶ ገባ።

ይህን የምጽፈው በየወሩ አንዲት ሁለት እናቶች ስልኬን ከሰው ተቀብለው «እኔም ላስወጣው ነው፣ እንዴት አደረግሽ?» ስለሚሉኝ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ለምን?» ብዬ ነው። ብዙዎቹ ይከፋቸዋል፤ የምከለክላቸው ይመስላቸዋል። ግን ምክንያቱ ካልጠራ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደምታስቀምጡ አታውቁም። እኔ አላውቅም ነበር።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ረዳት ነርስ ነኝ፤ ባሌ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ አሁን ኡበር። ልጄ እዚሁ ነው የተወለደው። ስናስመዘግበው ግን ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ይነገራል የሚል ቅጽ ነበር፣ አማርኛ ብለን ሞላን፤ እውነቱም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ንባብ ባስቸገረው ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ። ሁለት ቋንቋ ስለሆነበት ነው፣ ኢሶል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች የሚሰጠው ክፍል) ይገባል፣ ጊዜ ስጡት። አንዷማ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ብታወሩት ጥሩ ነበር» አለችን። እኛም እሺ ብለን ዓመት ሙሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛችን አወራነው። ሁለት ቋንቋ መናገር ልጅን ማንበብ እንደማይነሳው ያወቅኩት በኋላ ነው። ያቺን አንድ ዓመት እስካሁን ይቆጨኛል፤ ከእናቱ ጋር መቀለድ ያቆመው ያኔ ነው።

ሪፖርት ካርዱ ላይ «ትሁት ልጅ ነው፣ ለጓደኞቹ ያዝናል» የሚል ይጻፋል። ሀበሻ ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛም ሄድን።

እኔ ዘግይቼ የደረስኩበትን እናንተ ቀድማችሁ እወቁት። ልጃችሁ ማንበብ ከከበደው «ይገምገምልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ነገር ኮሪደር ላይ ይቀራል። ግምገማው በነፃ ነው። አንገመግምም ካሉም ምክንያታቸውን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው። ስብሰባ ሲኖር አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ። እኔ ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት ልጁን ካስወጣሁ በኋላ ነው (ቤት የሚማር ልጅም ይገመገማል)፤ ዲስሌክሲያ (ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት የሚያስቸግር የንባብ ችግር) የሚለውን ቃል የሰማነውም ቤት ከተቀመጠ ከወራት በኋላ ነው። ቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጭራሽ አላስወጣውም ነበር።

ያስወጣሁትማ በንዴት ነው። ነሐሴ 2020 መጪው ዓመትም በስክሪን እንደሚጀመር ሲነገረን «ማይክ እያጠፋ ሦስተኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው?» አልኩና ቅጹን ሞላሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ማሳወቅ ነው። ቤት ማስተማር ከመጀመራችሁ 15 ቀን አስቀድሞ ለካውንቲው ትምህርት ቢሮ ማሳወቂያውን ትልካላችሁ፣ ወላጅ ምን ያህል ተማረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እስከዚያ ድረስ ልጁ ትምህርት ቤት መሄዱን እንዳያቆም። አንዲት የማውቃት እናት ልጇን አስቀርታ ቅጹን በሁለተኛው ሳምንት ስትልክ የመቅረት ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ድልድዩን ተሻግራችሁ ሌላ ስቴት ስትገቡ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው፤ እኛ ዘመድ ተበታትኖ የሚኖርበት አካባቢ ስለሆነ የአንዱ ምክር ለሌላው አይሠራም። ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ በየዓመቱ እስከ ነሐሴ 15 ታሳውቃለች፤ በቀጣዩ ዓመት እስከ ነሐሴ 1 ደግሞ ልጇን አስፈትና ወይም በመምህር አስገምግማ መማሩን ማሳየት አለባት። ዲሲ ቢያንስ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም አቻውን ከወላጅ ይጠይቃል። እኛ ጋ ፈተና ግዴታ አይደለም፣ በምትኩ የልጁን ሥራ ሰብስቦ ማሳየት ነው። ጀርመን ያለችው ታናሽ እህቴ ስነግራት «እትዬ፣ እዚህ ብትሆኚ እኮ ያስቀጡሽ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ መማር አለበት፣ ወላጅ ቤት ላስተምር ቢል አይፈቀድለትም።

ያን ሰሞን ብቻችንን አልነበርንም። የአሜሪካ ሴንሰስ ቢሮ ባደረገው መጠይቅ ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች በ2020 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ 5.4 በመቶ ነበሩ፤ ጥቅምት ላይ 11.1 በመቶ ደረሱ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ነው የዘለለው። ይህን ቁጥር ስሰማ «እንግዲህ እኛም አለንበት» አልኩ። ሕንጻው ሲከፈት ብዙዎቹ ተመለሱ። የምነግራችሁ ያልተመለስንበትን ምክንያት ነው።

በመጀመሪያው ወር ቤቴን ትምህርት ቤት አደረግሁት። ነጭ ሰሌዳ ገዛሁ፣ ሰዓት ሞላሁ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቁጭ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥ። ስድስት መቶ ዶላር የወጣበት የመጻሕፍት ካርቶን ደግሞ ከኦሪገን መጣ፤ ግማሹ ዛሬም ላስቲኩ አልተቀደደም። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። እኔም መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትንሿ ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ብስኩት አመጣችልን፤ ለእሱ አንድ፣ ለእኔ ግማሽ።

ማታ አባቴን ደወልኩለት። ደሴ ነው። ልጅ ሆኖ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ፣ ዳዊት የደገመ ሰው ነው። ቢያንስ አማርኛውን ላስይዘው፣ ፊደሉን ጀምሬዋለሁ አልኩት። በሦስት ቀን ሀሁን እስከ መጨረሻው እንደዘለቀ በኩራት ነገርኩት። አባቴ ዝም አለና «ወደ ጎን ነው የምታስቆጥሪው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያማ በቃሉ ይዞታል እንጂ አላወቀውም። ወደ ታች አስኪጂው፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ። ሲለምደው አቡጊዳን ስጪው።»

እኔ ራሴ አቡጊዳን ከስሙ በቀር ረስቼው ነበር። ለረሳችሁ ላስታውሳችሁ፤ ሀሁ በረድፍ ይሄዳል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ እንደ ዘፈን ነው፣ ጆሮ ያለው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ይወጣዋል። አቡጊዳ ግን አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉንም ድምፁንም ይቀያይራል። ዜማው አያድንም። ፊደሏን አይቶ ካላወቃት መሄጃ የለውም። አባቶቻችን በቃሉ እየያዘ የሚያታልል ልጅ ምን እንደሚመስል አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ የእኔ ልጅ አዲስ አይደለም።

አባቴ በስንደዶ እያመለከተ ነው የተማረው። እኛ ከቻይና ምግብ ጋር የሚመጣውን የእንጨት መብያ ተጠቀምን። ፊደል ገበታውን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት፣ እሱ በእንጨቱ እየነካ ወደ ታች ይወርዳል፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። «ለ» እና «ሰ» ለሁለት ሳምንት ተደበላለቁበት። አንድ ቀን ሽሮ እያማሰልኩ ከጀርባዬ ቀስ ብሎ «ሰ ሁለት እግር ናት፣ ግን በር አላት» ሲል ሰማሁት። ምን ማለቱ እንደሆነ ዛሬም በደንብ አይገባኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተሳሳተም።

ፊደል ዲስሌክሲያን አዳነው አልልም። አማርኛ ላይ ያየው ነገር ግን አለ፤ ይህች ምልክት ይህን ድምፅ ትሰጣለች፣ ዛሬም ነገም አትለወጥም (የሚጠብቅና የሚላላውን፣ የገናን ነገር፣ ለጊዜው ተውነው)። እንግሊዝኛ በ26 ፊደል 44 ያህል ድምፅ የሚያወጣ ቋንቋ ነው፤ ለእንደ እሱ ዓይነት ልጅ ወጥመድ ነው። ግን ድምፅን ከምልክት ጋር ማሰር የሚባል ነገር እንዳለ፣ ማንበብ ማስታወስ እንዳልሆነ አንዴ ከገባው በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ይዘነው ተመለስን። ካርድ ሠራሁ፤ ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ከሰዓት 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ የለም። አባቱ መኪናው ውስጥ የሚያዳምጠው የድምፅ መጽሐፍ ከላይብረሪ ያወጣለታል፣ ለታሪክና ለሳይንስ ማንበብ እስኪችል አይጠብቅም። አሥር ዓመት ሲሆነው ምዕራፍ ያለውን መጽሐፍ በራሱ ጨረሰ። ቀርፋፋ ነው፣ አሁንም ቀርፋፋ ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ብንማር ነው፤ ሠላሳ ልጅ የማሰለፍ ጣጣ ስለሌለ ይበቃል።

በንዴት ያስወጣሁትን ልጅ ቤት ያቆየሁት እንግዲህ በዚህ ነው። እሱ የሚፈልገውን ፍጥነት እኔ ቤት ውስጥ ልሰጠው ቻልኩ፣ ደግሞም አማርኛው ተመለሰ። ሁለተኛው በእቅዴ ውስጥ አልነበረም።

የሰው አፍ አልቀረልንም። እኛ ሀበሾች ለትምህርት ብለን አገር ጥለን የመጣን ሰዎች ነን። አማቴ በስልክ «ከብት ሸጬ ያስተማርኩት ልጄ ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጣ?» ብላ አለቀሰች። ክርስትና ቤት ሄደን አንድ ጋሼ «ልጁ ምን ሆኖ ነው? አመመው?» ብለው ጆሮዬ ላይ ጠየቁኝ። ባሌ ረጅም ማብራሪያ ይሰጥ ነበር፤ እኔ «ለጊዜው ቤት ነው የሚማረው» ብዬ እንጀራዬን እጎርሳለሁ። የእኔ መንገድ ይሻላል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ላይብረሪ የሚገናኙ ቤተሰቦች አሉ። ስገባ ሁሉም አክራሪ ሃይማኖተኛ ይሆናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ስድስት ልጆች ያሏት ካቶሊክ አለች፣ ቁርኣን ጠዋት ጠዋት የሚሐፍዙ (በቃላቸው የሚይዙ) እህትማማቾች ይዘው የሚመጡ የወሎ ሰዎች አሉ። ግን ባሏ ወታደር ስለሆነ በየሁለት ዓመቱ ቤት የምትቀይር ሴትም አለች። ልጇ በሰባት ዓመቱ በተደጋጋሚ እየታገደ ወደ ቤት የተላከባት ጥቁር አሜሪካዊት ደግሞ አለች፤ «እቤት ሲሆን ማንም አይፈራውም» አለችኝ። ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ልጆቻችን አምስት ዓመት ሳይሞላቸው፣ ትምህርት ቤት ተኳሽ ቢገባ ተብሎ፣ መብራት አጥፍተው ጥግ ላይ ተደብቀው ዝም ማለት ይለማመዳሉ። ግንቦት 2022 ኡቫልዴ፣ ቴክሳስ ትምህርት ቤት ውስጥ 19 ልጆችና ሁለት አስተማሪዎች ሲገደሉ ስልኬ ለሁለት ሳምንት አላረፈም። ለእነዚያ እናቶች የምለው አልነበረኝም። አዳመጥኳቸው።

የማልስማማበትን ምክንያትም ልናገር። «እንደ ሀበሻ ላሳድጋቸው ነው፣ እዚያ ይበላሹብኛል» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ቤት ዘግቶ ማስቀመጥ ብቻውን ሀበሻ አያደርግም፤ ስልኩ አብሮት ነው የሚቀመጠው። ልጄን አማርኛ ያስተማረው በሩ መዘጋቱ ሳይሆን በየቀኑ ከአያቱ ጋር ማውራቱ ነው፤ ያንን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅም ማድረግ ይችላል። ከአንዲት አስተማሪ ጋር ተጣልታችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ክፍል አስቀይሩ። በኩርፊያ ያስወጡ ቤተሰቦች እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ተመልሰዋል፤ ልጁ ነው መሀል ላይ የሚንገላታው።

ወረቀቱን አትናቁት። ሜሪላንድ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የልጁን ሥራ ልታይ ትችላለች፤ ስምንት ትምህርት ነው የምትጠብቀው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት። የመጀመሪያው ታኅሣሥ ላይ በቪዲዮ ነበር። ወፍራም ክላሰር ይዤ ወረቀቱን አንድ በአንድ ካሜራው ላይ አስጠጋለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሒሳብና እንግሊዝኛ ሞልቷል። «ሙዚቃስ?» አለችኝ ገምጋሚዋ። ደረቅኩ። ልጄ ስልኬን አንሥቶ ለመስቀል ከአባቱ ጋር ከበሮ ሲመታ የቀረጽኩትን ከፈተላት፤ ቀኑም ስልኩ ላይ ነበረ። ጻፈች። ከዚያ ከወረቀቱ መሀል ፊደል ገበታውን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ማንም ሳያዘው እንጨቱን አነሣና አቡጊዳን ያዘ። ሴትዮዋ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ካለፍን በኋላ የተማርኩት ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀን ጻፉ፤ ከየትምህርቱ በወር ሁለት ሦስት ወረቀት ይበቃል፤ ዋና ሲሄድ፣ ኩሽና ውስጥ ዱቄት ሲመዝን ፎቶ አንሡ። ጎደሎ ከተገኘም ማስተካከያ 30 ቀን ይሰጣችኋል፣ ፖሊስ አይመጣም።

ገንዘቡን ልደብቃችሁ አልችልም። የሳምንቱን ሥራዬን ትቼ ቅዳሜና እሑድ ናይት ሺፍት ገባሁ፤ በወር 1,300 ዶላር ያህል ቀረብን። እቁብ አቋረጥን፣ አገር ቤት መሄድ ሁለት ጊዜ ተሰረዘ። እኔና ባሌ ለዓመታት እሑድን አብረን አሳልፈን አናውቅም። ሁለታችሁም ቀን የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይ ብቻችሁን የምታሳድጉ ከሆነ፣ «ፍቅር ካለ ይቻላል» የሚላችሁን አትስሙ። ሰው ያስፈልጋል።

ትንሿስ? እሷም ከእኛ ጋር ጀምራ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ አነበበች፣ ማን እንዳስተማራት አላውቅም፣ ወንድሟን ስታይ ነው መሰለኝ። ስምንት ዓመት ሲሆናት «እኔ አውቶቡሱን እፈልጋለሁ» አለች። ትምህርቱን አይደለም፣ አውቶቡሱን። ሦስተኛ ክፍል አስገባናት፤ ዛሬ አምስተኛ ናት፣ ደስተኛ ናት፣ ያው ድሮ ወንድሟ የነበረበት ትምህርት ቤት ነው። በአንድ ቤት ሁለቱም ትክክል ሊሆን እንደሚችል ለአማቴ ማስረዳት ግን አልቻልኩም።

ትልቁ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ስቴቱ ቤት ለተማረ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ አይሰጥም፤ መሀል ላይ ከገባ ደግሞ ቤት የተማረውን ይቁጠሩለት አይቁጠሩለት እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስለዚህ የሚመለስ ከሆነ ዘጠነኛ ክፍል ሲጀመር ነው። ትሄዳለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው «ልሂድ፣ ግን ጮክ ብዬ እንዳነብ ካስገደዱኝ ማይክ የለም እኮ» አለ። ሳቅን። ከዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በጽሑፍ፣ በዚህኛው ጊዜ ቀድሜ። ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜና የሚያነብለት ኮምፒውተር እንዲሰጡት ጠየቅሁ። ቀጠሮው የመጪው ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ አስተርጓሚ ይኖራል ብለዋል። ባሌ ሌሊቱን እንዳይነዳ ነግሬዋለሁ።